ሶላር ከመግዛታችሁ በፊት ምጣዱን ለዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በባሕር ዳር የመብራት ሂሳብ በተነሳ ቁጥር «ሶላር አስገጥሜ ልገላገል» የሚል አይጠፋም። ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ግን አምፖል ሳይሆን ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ባለ 7 ዋት አምስት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት፣ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት፣ የሦስት ስልክ ቻርጅም ተጨምሮበት በቀን 450 ዋት ሰዓት አይሞላም። የአንድ ቀን ጋገራ የ11 ቀን መብራት ማለት ነው! ምጣዱ እስኪግል 20 ደቂቃ ከፈጀ ያ ብቻውን ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ከፋፍሎ ከመጋገር በአንድ ሙቀት መጨረስ ያለ ምንም ወጪ ሂሳብ ያቀላል።

ሶላር የሚጠቅመው መብራት ሲጠፋ ነው። የጣና በለስ 460 ሜጋዋት ማመንጫ ውሃውን ከዚሁ ከሐይቃችን ቢወስድም፣ የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል ያ ምንም አይፈይድልንም።

ከላይ ለተቆጠረው የአምፖል፣ የቴሌቪዥንና የስልክ ፍጆታ 200 ዋት ፓኔልና 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ይበቃል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት ከ1,200 ዋት ሰዓቱ (12 ቮልት በ100 አምፒር ሰዓት ሲባዛ) የምንጠቀመው 600 ነው። የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ብሎ መተካት አያዋጣም፤ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ቀስ እያለ ለመውረድ አልተሠራም። ክረምት ላይ ለቀናት ሳይሞላ የሚቆይ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና አቅሙ አይመለስም። ሐምሌና ነሐሴ ቴሌቪዥኑን መቀነስ ነው።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ይዙር፣ ግን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ያዘንብል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ 30 ዲግሪ ያቆመ ሰው ደመናው በሚበዛበት ወቅት ያለችውንም ያጣታል። ጨርሶ ከተኛ ግን አቧራ ይቋጥራል። ከቆርቆሮው በአራት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ሲግል ምርቱ ይቀንሳል። የዘንባባ ጥላ አንድ ጥግ ብቻ ቢነካውም ጉዳቱ ከጥላው ስፋት በላይ ነው።

ብዙ ቤት የማይታየው ሌባ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው። ምንም ሳይሰካበት 15 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር ቀኑን ሙሉ በርቶ ከዋለ ካደረ 360 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ባለ 12 ቮልት አምፖል ገዝቶ ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ማብራት፣ ኢንቨርተሩን ለቴሌቪዥን ብቻ መክፈት ይሻላል። ገመዱም ቢሆን ለቤት አምፖል የሚዘረጋው ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ አይሆንም፤ ፓኔሉ 10 ሜትር ከራቀ 2 ቮልት ተኩል ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 6 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ አይቅር። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው አሞላሉን ከሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ጋር ይገናኝ፣ ፓኔሉ ቀጥሎ፤ ሲፈታ ግን ፓኔሉ ይቅደም።

ነጋዴዎችም «ለሙሉ ቤት» ብለው ከመለጠፍ፣ ዕቃው በሐምሌ ፀሐይ በቀን ስንት ዋት ሰዓት እንደሚሰጥ ዋጋው ላይ ይጻፉልን።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር