ድንቹን ፈርቼ ቆሎውን ረሳሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጎንደር አዘዞ ነዋሪ ነኝ። አንደኛ ደረጃ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አራት ልጆችም አሳድጌአለሁ። ይህን የምላችሁ በልጅ አመጋገብ ማንም አያስተምረኝም ባይ እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ልጄ ባለፈው ክረምት የበኩር ልጇን ይዛ እኔ ዘንድ ከረመች። ሕፃኑ 6 ወር ሞልቶታል። ትራስ ደገፍ ሲያደርጉለት ይቀመጣል፤ አንገቱ ጸንቷል። እኛ ስንበላ ዓይኑ ከእጃችን አይነቀልም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጄ የተቀቀለ ድንች እንደ ጣት ረዘም ረዘም አድርጋ ቆረጠችና ፊቱ አስቀመጠችለት። ማንኪያ የለ፣ ጉርሻ የለ። «ራሱ ይብላ» አለች።

«ጥርስ የሌለው ልጅ ድንች በምኑ ይበላል?» ብዬ ጮህኩባት።

«በድዱ ነዋ፣ እማዬ!» አንዱን ቁራጭ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ጫን አደረገችው። ድፍጥጥ አለ። መለኪያው ይኸው ነው አለችኝ፤ በሁለት ጣት ተጭኖ የማይፈርስ ነገር ለእሱ አይቀርብም።

ረዘም ብሎ መቆረጡም ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ዕድሜ ልጅ በመዳፉ ይጨብጣል እንጂ በሁለት ጣቱ ለቅሞ አይበላም። ስለዚህ ከጭብጡ ወጣ ያለችውን ነው የሚያላምጠው። ሙዝ ሲሆን ልጣጩን አጥባ ከላይ ብቻ ትልጥለታለች፤ የታችኛው ልጣጭ እንዳያዳልጠው እጀታ ይሆነዋል። ዱባም፣ እስኪልም የበሰለ ካሮትም፣ የእንቁላል ጥብስም፣ በደንብ የበሰለ ሥጋም በልቷል። ጨው አይገባበትም። ማር ደግሞ 1 ዓመት እስኪሞላው ክልክል ነው፤ ማር ውስጥ አንዳንዴ የሚገኘውን ጀርም የሕፃን አንጀት አይችለውም። ቤታችን ጾም ስለማይፈታ በፍልሰታ ለእሱ እንቁላል አንዲት ድስት ለብቻዋ ለየንለት። ከ6 ወር በኋላ ከጡት የሚያገኘው ብረት ብቻውን አይበቃውምና፣ እሱ ከእኛ ጋር የሚጾምበት ምክንያት የለም።

ጡቱ አልቀረም። ገንፎውም አልቀረም፤ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ይሰጠዋል፣ ማንኪያው ዘንበል ሲል የማይፈስ ወፍራም ገንፎ። እኔ ለልጆቼ የማፈላው አጥሚት እንደ ውኃ የቀጠነ ነበር። ሆዳቸውን ሞላሁት እንጂ ምን አበላኋቸው እላለሁ አሁን።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግን እውነቱን ልናገር፣ ከበላው የጣለው ይበልጣል። ፀጉሩ ውስጥ ሳይቀር አቮካዶ ለቅመናል። የተጠቀሙት ዶሮዎቼ ናቸው።

አንድ ቀን ድንቹ ትን አለው። ፊቱ ቀላ፣ ሳለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጣቴን አፉ ውስጥ ልክተት ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ልጄ እጄን ያዘችኝ። «እየሳለ ነው እኮ፣ ተይው! ጣትሽ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።» ሳለ ሳለና ራሱ ተፋው። ወዲያው ሌላ ቁራጭ አነሣ። እኔ ግን ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። የሚካኤል ዕለት ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ቆሎው ገብስና ሽምብራ፣ ከላዩ ኦቾሎኒ ነበረበት። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዷ ጎረቤቴ «እሱስ አይጎርስም እንዴ?» ብላ ኦቾሎኒ አፉ ውስጥ አደረገችለት። ክፋት የለባትም። እኔም አይቼ ሳቅሁ፤ ስለ ድንች የጮህኩት ሴትዮ።

ያኔ ትን አላለውም። ትን ቢለው በስንት ጣዕሙ። ታነቀ። መታነቅ ድምፅ የለውም። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ሳል የለ፣ ለቅሶ የለ። ከንፈሩ መጥቆር ጀመረ። ልጄ ነጥቃ ወሰደችው። ክንዷ ላይ በሆዱ አስተኛችው፤ አንገቱን ደግፋ ራሱን ወደ ታች ዘቅዘቅ አደረገችና በመዳፏ ሥር ጀርባውን፣ ትከሻና ትከሻው መሐል፣ መታች መታች። በአራተኛው ኦቾሎኒው ቄጠማው ላይ ወደቀ። ከዚያ ልጁ ጮኸ። እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

በኋላ አስረዳችኝ። 5 ጊዜ ተመትቶ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ጫን ጫን ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና ጀርባውን። ሰው ጮሆ መጥራትም አለ። ይህ 1 ዓመት ላልሞላው ነው። ያስተማረቻት ነርስ ጓደኛዋ ናት። ጓደኛ የሌላትስ?

ለክትባት ሕፃኑን ይዤ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ይመዘናል፣ ይወጋል፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይጻፋል። ወረፋው ረዥም ነው፤ እናቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው አንድ አሻንጉሊት ይዞ 5 ደቂቃ ቢያሳያቸው ምን ይጎዳል? የሚመለከታቸው ሰዎች ጋዜጣችሁን ያነባሉና አድርሱልኝ። ጓዳ ውስጥ ቆሎ የሌለበት ቤት ጎንደር ውስጥ እስቲ ፈልጉ።

እኔ ቤት ቡና ሲፈላ ቆሎው አሁን ቁም ሣጥኑ ላይ ነው የሚቀመጠው። የፈለገ ተነሥቶ ይዘግናል። ጎረቤቶቼ «እትዬ ሰሰተች» እያሉ ያሙኛል አሉ።

አንዲት አያት
ከጎንደር፣ አዘዞ