ለደንበኞቻችን፦ ስለ ጥርስ ሐኪም ምርጫና ስለ ኢንሹራንስዎ

ውድ ደንበኞቻችን፤

«ጥሩ የጥርስ ሐኪም ጠቁሙን» የሚል ጥያቄ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቢሯችን በየሳምንቱ ይቀርብልናል። ስም አንጠራም፤ ይህም አንዳንድ ደንበኞቻችንን ቅር እንዳሰኘ እናውቃለን። ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ሐኪም ሲጠቁም በመካከል ጥቅም ይኖረው ይሆን ብሎ መጠርጠር ግን ተገቢ ነው። በስም ፈንታ ለራሳችን ቤተሰብ ሐኪም ስንመርጥ የምናየውን እንጻፍልዎ።

የኢንሹራንስ ኩባንያው የሐኪሞች ዝርዝር በመሠረቱ የዋጋ ስምምነት ዝርዝር ነው። ኩባንያው የሐኪሙን የሥራ ፈቃድ ያጣራል እንጂ ለእጁ ጥበብ አይመሰክርም። ዝርዝሩም ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። ክሊኒኩ ደውለው «ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?» ቢሉ «አዎን» መባልዎ አይቀርም፤ ከኔትወርክ (ኩባንያው በዋጋ ከተስማማቸው ሐኪሞች ዝርዝር) ውጭ ሆነውም ክፍያውን የሚቀበሉ አሉና። የፕላንዎን ሙሉ ስም ጠርተው «በዚህ ኔትወርክ ውስጥ ናችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካልሆኑ የዋጋው ልዩነት ከእርስዎ ኪስ ይወጣል።

የጥርስ ኢንሹራንስ የመኪና ኢንሹራንስ ግልባጭ ነው። የመኪናው ጭረቱን ለእርስዎ ትቶ ትልቁን አደጋ ይሸከማል፤ የጥርሱ ግን ምርመራውንና ጽዳቱን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ሥራው እየከበደ ሲሄድ ወደኋላ ይላል። በተለመደው የፒፒኦ ውል (ከኔትወርክ ውጭም መታከም በሚፈቅደው) ጥርስ ለማስሞላት 80 በመቶ፣ ለክራውን (ጥርስን ለሚሸፍነው ቆብ) 50 በመቶ ይከፈላል፤ ኢንሹራንሱ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው። ጣሪያዎ 1,500፣ የአንድ ክራውን የስምምነት ዋጋ 1,200 ቢሆን፣ ኢንሹራንሱ ለእያንዳንዱ 600 ስለሚከፍል፣ ሁለት ክራውን ካሠሩ በኋላ ለዓመቱ የሚቀርዎ 300 ዶላር ብቻ ነው። በብዙ ውሎች የጽዳቱም ክፍያ ከዚሁ ይቀነሳል። ስለዚህ ያላስፈለገ ሥራ ጥርስዎን ብቻ ሳይሆን ለእውነተኛው ችግር ያስቀመጡትንም ገንዘብ ይበላል።

አንዲት ደንበኛችን የሕክምና ዕቅድ ወረቀት ይዘው መጡ። ለተራ ጽዳት ሄደው «ዲ4341» የሚል መለያ አራት ጊዜ ተጽፎላቸዋል። ይህ ከድድ ሥር የሚደረግ ጥልቅ ጽዳት ነው፤ አራት ጊዜ የተጻፈው አፍ በአራት ተከፍሎ ስለሚቆጠር ነው። የድድ በሽታ ላለበት ሰው በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ማስረጃ አለው። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት በየጥርሱ ለክቶ ይመዘግባል። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጤናማ ነው፤ ልኬቱ 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ድዱ ሲደማ፣ ራጁም ላይ የአጥንት መጉደል ሲታይ ነው ጥልቅ ጽዳት የሚታዘዘው። ልኬቱን ይጠይቁ አልናቸው። ክሊኒኩ የሚያሳያቸው መዝገብ አልነበረውም። ሌላ ሐኪም ሲለካቸው ከ3 ያለፈ አልተገኘም፤ ተራውን ጽዳት አድርገው ተመለሱ።

ታማኝ የምንለው ሐኪም ሳይጠየቅ ራጁን ከፍቶ «እዚህ ጋ ይመልከቱ» የሚለውን ነው፤ «ይህችኛዋን ለጊዜው እንከታተላት» ማለት የማይከብደውን፤ የከበደ የሥር ሕክምና ሲገጥመው ወደ ስፔሻሊስት የሚልከውን። ገና አፍዎን ሳይዘጉ የብድር ካርድ ቅጽ የሚያስፈርም ክሊኒክ ግን፣ ወንበሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእኛ አይጥመንም።

የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ የጥርስ ሕክምና ቦርድ የሐኪሙን ፈቃድና የተወሰደበትን የዲሲፕሊን እርምጃ በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል። የራጅዎን ቅጂ የመውሰድ መብትም በፌዴራል ሕግ የእርስዎ ነው፤ ዕዳ አለብዎት ተብሎ ሊከለከሉ አይችሉም። ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ። ከፍ ያለ ወጪ ካለ ደግሞ ክሊኒኩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለኢንሹራንሱ ግምት እንዲልክ ያድርጉ፤ ምላሹ በጽሑፍ ይመጣል።

ጣሪያው ላለቀበት ወይም ኢንሹራንስ ለሌለው፣ ባልቲሞር የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት እና ዲሲ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አሉ። የባልቲሞሩ በ1840 የተቋቋመ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ይሠራሉ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቀጠሮው ግን ይረዝማል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው አዋቂዎችም በቨርጂኒያ ከጁላይ 2021፣ በሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የጥርስ ሕክምና ያገኛሉ፤ ይህን ሳያውቁ ከኪሳቸው የሚከፍሉ ዛሬም ያጋጥሙናል።

አዲስ አበባ ሄደው ጥርስ ለመሠራት ያሰቡ ደንበኞቻችን ኢንሹራንሳቸው በውጭ አገር ለተሠራ ሥራ ይከፍል እንደሆነ ከመነሳታቸው በፊት ያጣሩ። ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) የሚያስተክሉ ከሆነ የተተከለውን ዓይነትና መጠን የሚገልጽ ወረቀት ይዘው ይመለሱ፤ እዚህ ያለው ሐኪም ያለዚያ ሊጠግነው ይቸገራል።

የሕክምና ዕቅድ ከተሰጠዎ ከመፈረምዎ በፊት ይዘውልን ይምጡ፤ ከውልዎ ጋር አስተያይተን እናነብልዎታለን፤ ክፍያ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮው ባልደረቦች