ይድረስ ለሳሚ፦ ፍላሹ ሲነቀል

ሳሚ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እቤት ሁሉ ሰላም? ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም፣ ይቅር በለኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን ያስጻፈኝ የጤና ጣቢያው መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው። «ወደ ፍላሽ አስቀምጥ» የምትለው ቁልፍ አሳስባኛለች።

ኮዱ የድሮውን ፋይል ከፍቶ በላዩ ይጽፋል፣ ይዘጋል፣ «ተቀምጧል» ይላል። ሰው ያንን ካየ ፍላሹን ይነቅላል፤ እሱ ምን አጠፋ? ፋይል ተዘጋ ማለት ግን ዳታው ፍላሹ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። ሊኑክስ በተለመደው ቅንብሩ ዳታውን ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ውስጥ 30 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ይችላል። ዊንዶውስ 10 ከ1809 ስሪት ወዲህ ለውጭ ማከማቻ የጽሑፍ ካሽ (ዳታውን ራም ላይ አቆይቶ ኋላ መጻፍ) በነባሪነት አይጠቀምም፤ እሱም ቢሆን በመጻፍ መሐል ከሚመጣ መነቀል አያድንም።

አንተ ደግሞ «ከመንቀላችሁ በፊት መጀመሪያ ኢጀክት (በደህና አስወጣ) አድርጉ በሏቸው» ልትለኝ ነው፤ አውቅሃለሁ! በር ላይ ወረፋ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው ሳለ ማን ያስታውሳል? መብራት ሲጠፋስ ለማን ነው ኢጀክት የሚባለው?

«ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ስሙን መቀየር» የምንለው ዘዴም እዚህ ብዙ አያስተማምንም። ፍላሾቹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጁ ናቸው፣ ጆርናል (የተጀመረ ለውጥ ቢቋረጥ ለመጠገን የሚያስችል መዝገብ) የላቸውም፤ ስም ሲቀየር ብዙ ቦታ ይነካል፣ በመሐል ከተነቀለ አሮጌውም አዲሱም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፋይል እንያዝ፦ ሀ እና ለ። ሁለቱንም ከመጀመሪያው በሙሉ መጠናቸው፣ በ4 ሜጋባይት፣ በዜሮ እንሙላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስንጽፍ የፋት ሠንጠረዡ (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው) አይነካም። እያንዳንዱ ፋይል ራስጌው (መጀመሪያው) ላይ ተራ ቁጥር፣ ርዝመትና ሲአርሲ-32 (ዳታው አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ ከዳታው የሚሰላ ቁጥር) ይኑረው። ሁልጊዜ የምንጽፈው በአሮጌው ላይ ነው። ሲከፈት ሁለቱን አንብበን፣ ሲአርሲያቸው ከተስማማው መካከል ተራ ቁጥሩ የሚበልጠውን እንወስዳለን። በመሐል ቢነቀል የሚበላሸው አንዱ ነው፣ ያለፈው ይተርፋል። ርካሽ ፍላሽ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የጎረቤቱን ዳታ ጭምር ሊያበላሽ ስለሚችል ግን ዋናው ቅጂ ከኮምፒውተሩ ላይ አይጥፋ።

«ተቀምጧል» የሚለው ቃል ኤፍሲንክ (fsync፣ ሊኑክስን «ዳታውን አሁኑኑ ማከማቻው ላይ ጻፍ» የምንልበት ጥሪ) ያለ ስህተት ሳይመለስ በፍጹም አይታይ። ዊንዶውስ ላይ ይህንኑ የሚሠራው FlushFileBuffers የሚባለው ጥሪ ነው። መልሶ አንብቦ ማረጋገጥም ብቻውን አይበቃም፤ የሚነበበው ከራም ሊሆን ይችላልና።

አንድ የምናዘዝልህ ነገር አለ። ኤፍሲንክ ስህተት ሲሰጥ ሦስት ጊዜ ደግሞ የሚሞክረውን ሉፕ (ተደጋጋሚ ኮድ) የጨመርኩት እኔ ነኝ። መውጣት አለበት። ሊኑክስ ኤፍሲንክ ከከሸፈ በኋላ ያልተጻፈውን ገጽ (ራም ላይ ያለ የዳታ ቁራጭ) ንጹህ፣ ማለትም የተጻፈ፣ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፣ ሁለተኛው ጥሪ «ተሳካ» ይላል፣ ዳታው ግን የለም። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የሚሠሩት ሰዎች በ2018 ይህ ጉዳይ ከተነሳ በኋላ፣ ኤፍሲንክ ሲከሽፍ ዳታቤዙ ቆሞ ከሎጉ (ለውጦችን ቀድሞ ከሚመዘግብበት ፋይል) እንዲያገግም አድርገዋል። እኛም ፋይሉን ዘግተን፣ ከዋናው ቅጂ ሁሉንም ከመጀመሪያ እንጻፍ።

ደግሞ አለ... ሰው ፍላሹን ነቅሎ ሌላ ሊሰካ ይችላል፣ ዊንዶውስ ያንኑ የድራይቭ ፊደል ሊሰጠው ይችላል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ፍላሹ ማውንት የተደረገበት (ፋይሎቹ የሚታዩበት) ፎልደር ባዶውን ሊቀርና ፕሮግራሙ የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እየጻፈ «ፍላሽ ላይ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ራስጌው ላይ የፍላሹን መለያ እንጻፍ፣ ከመጻፍ በፊት ደግሞ ፎልደሩ ያለበትን የማከማቻ መሣሪያ ቁጥር ከወላጅ ፎልደሩ ቁጥር ጋር እናስተያይ፤ ከተመሳሰሉ ፍላሹ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ... ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ሥራ ይዤ መምጣቴ ይከብደኛል። ግን ይህን ኮድ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ይህን ሳምንት አንድ ምሽት ብታየው? በጽሑፍ መሐል 50 ጊዜ እየነቀልን ብንፈትነው ደስ ይለኛል፤ ለዚሁ የሚሆኑ ሁለት አሮጌ ፍላሾች አዘጋጅቻለሁ።

ወንድምህ፣ በረከት