የተፈጥሮና ፎቶግራፍ ክበብ፦ ከእንቁራሪቶች ጋር ያመሸንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ወፍና አበባ ማንሳቱን ተወት አድርጎ እንቁራሪትና ጓጉንቸር ላይ ከረመ። ያውም ማታ፣ ያውም በሚጮሁበት ሰዓት። የክበቡ ልጆች አብዛኞቹ የሱሉልታ ልጆች ናቸው። ዝናብ ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፣ ማታ ማታ ጩኸቱ እንቅልፍ አይሰጥም። ሁሉም ሰምቶት ነው ያደገው። የሚጮኸውን በዓይኑ ያየ ግን ብዙም አልነበረም።

ወላጅ ማሳመኑ ቀላል አልሆነም። የፈቃድ ደብዳቤው ሲደርሳቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «ጅቡስ?» ነበር። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የምንወጣው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ፣ ከመንገዱ ሳንርቅ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ይመሩናል። ልጆቹ «ረዳት ፎቶግራፍ አንሺ» ብለው ሾመዋቸዋል። እሳቸው ደግሞ «እኔ የማነሳው ጅብ ብቻ ነው» ይላሉ።

ከማንሳቱ በፊት ማግኘቱ አስቸገረን። ከሩቅ ሜዳው ሙሉ ይመስላል። ጠጋ ስትል ግን ጸጥ! የእግር ኮቴ በመሬቱ በኩል ይደርሳቸዋል። ያኔ ባትሪ አጥፍቶ ሳይነቃነቁ መቆም ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ደፋር ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ከዚያ ሁለት ተማሪዎች ተራርቀው ይቆሙና ባትሪያቸውን ድምፁ ወደመጣበት ያነጣጥራሉ። በምልክት እኩል ያበራሉ። ሁለቱ ብርሃኖች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሰውየው ቁጭ ብሏል። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲሰሙ «ጂኦሜትሪም በመጨረሻ ሥራ አገኘ» አሉ።

በዓይናቸው ነጸብራቅ መፈለግም ይቻላል። ባትሪውን ግንባር ላይ አስሮ ሲያዩ ዓይናቸው ያበራል። ችግሩ የሸረሪት ዓይንም ያበራል። ስንት ሸረሪት እንዳባረርን እኛ ነን የምናውቀው።

ሁለተኛው ፈተና ጉሮሮው ነው። የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴቷን ለመጥራት። አፉንና አፍንጫውን ዘግቶ አየሩን ከሳንባው ወደ ድምፅ ከረጢቱ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ሳንባው ያመላልሰዋል። ከረጢቱ የሚነፋው ለቅጽበት ነው። ስልክ ደግሞ ተጭነኸው እስኪያነሳ ይዘገያል። ሲነፋ አይቶ የተጫነ ሰው የሚያገኘው ዝም ያለ እንቁራሪት ነው። መላው ምቱን ማጥናት ነው። እየሰሙ በልብ መቁጠር፣ ከዚያ ከጩኸቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መጫን። ይህን መጀመሪያ የቻለችው ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምትመታ የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። አልገረመኝም።

ፍላሽ በቀጥታ ሲያርፍባቸው እርጥቡ ቆዳ ነጭ በነጭ ይሆናል። ሶፍት ደራርቦ ፍላሹ ላይ በላስቲክ ማሰር በቂ ነው። ውድ ዕቃ አልገዛንም።

እንዲህ እያልን ነው የዓመቱን ምርጥ ፎቶ ያገኘነው። ሣር ውስጥ የሚኖረው፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለው፣ ጀርባው ላይ ቁልቁል የወረዱ ሸንተረሮች ያሉት እንቁራሪት ነው። አገጩ ሥር አንድ ከረጢት ስንጠብቅ ከግራና ከቀኝ ሁለት ብቅ አሉ። የጓጉንቸሩ ግን አንድ ነው፣ አገጩ ሥር እንደ ማስቲካ የሚነፋ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስንሰቅል አንዱ ልጅ «እንቁራሪት ዝሆን አክል ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» አለ። ወዲያው ሴቶቹ ተነሱበት፦ የሚነፋው ወንዱ ሆኖ ስሙ የጠፋው የሷ ነው!

የኔ ምርጫ ሌላ ነበር። በሚያዝያ ዝናብ ከሣሩ ሥር አጭር ድምፅ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ ይሰማ ነበር። ብርሃኖቹ የተገናኙት ባዶ ጭቃ ላይ ነው። ጎንበስ ስንል ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ብሌኑ ወደ ቁመት የተሰነጠቀ አንድ ዓይን። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ይባላል። ዘመዶቹ ዛፍ ላይ የሚኖሩ እንቁራሪቶች ናቸው። እሱ መሬት ይቆፍራል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖም ይጮኻል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ አገር የለም። በግቢው ኤግዚቢሽን ላይ ግን ሰው «ጭቃ ነው» ብሎ አለፈው። አሁንም ያናድደኛል።

ድምፅ መቅዳት የጀመርነው ከበዓላት በኋላ ነው። በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ደጋ አራት አዳዲስ የሣር እንቁራሪት ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል። የለዩአቸውም በአካላቸውና በዘረመላቸው ብቻ ሳይሆን በጩኸታቸውም ጭምር ነው። ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ ስልኩን ለፎቶ ብቻ የሚያወጣ ልጅ የለም። አሁን እያንዳንዱ ፎቶ ከድምፁ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይቀመጣል።

ስለ ሕጋችንም ልበል። መንካት የለም፤ ቆዳቸው ሎሽኑንም ሳሙናውንም ይመጥጣል። አንዱን እንቁራሪት ደጋግሞ በፍላሽ ማስጨነቅ የለም። ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት ቦት ጫማችንን አጥበን ፀሐይ ላይ እናደርቃለን። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪት የጨረሰው የቆዳ ፈንገስ እኛም አገር ተገኝቷል፤ በእርጥብ ጭቃ ይዛመታል፣ ድርቀት ይገድለዋል። ቦት ማጠቡን ማንም አይወደውም። ያላጠበ ግን አይወጣም።

ሜዳው ዳር አጥርና የአሸዋ ክምር በዝቷል። ስለዚህ በመስከረም ቶሎ እንጀምራለን። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ የወላጅ ፊርማ፣ የጎማ ቦትና የእጅ ባትሪ ይዞ ይምጣ። ቤቱ የተቀመጠ ድምፅ መቅጃ ያለው ወላጅ ካለ ቢያውሰን ደስ ይለናል። ጋሼም አብረውን ለመቀጠል ተስማምተዋል፣ አዲስ ባትሪ ከተገዛላቸው።