ደብዳቤ ለልጄ፦ በ«ና» የሚጀምር ስም

ፋናዬ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ናታንና ናሆም ደህና ናቸው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ተሽሎኛል።

እሑድ ማታ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «እማዬ፣ ሴት ናት አሉኝ! በ'ና' የሚጀምር የሴት ስም ፈልጊልኝ፣ ከወንድሞቿ ጋር የሚገጥም» ብለሻል። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ናፍቆት ብላትስ?» አልሽ። ስልክ ልደውል ነበር። ግን ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንቺም ሁልጊዜ ወደ ሥራ እየተጣደፍሽ ነው። ይህ ደግሞ በጥድፊያ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የእህትና የወንድም ስም ማገጣጠም የዛሬ ልጆች ያመጣችሁት ነገር እንዳይመስልሽ። የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሴቶች ልጆች ስም ቁጠሪ። ሮማነወርቅ፣ ተናኘወርቅ፣ ዘነበወርቅ። ሦስቱም በወርቅ ነው የሚያልቁት። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቴ ያለፍሽበት ዘነበወርቅ ሰፈር የዚያችኛዋን ስም ነው የያዘው። አራተኛዋና የመጨረሻዋ ስትወለድ ግን ወርቁ ቀረና ፀሐይ ተባለች። እኅትነታቸው አልጎደለም። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው መጡ፤ በወጣትነታቸው ሲያርፉም መታሰቢያ ሆስፒታል በስማቸው ተሠራላቸው። ስሙ ለብቻው ሲጠራም ሙሉ ነበር።

እኛ ቤትስ? የናንተ የሦስታችሁ ስም በብርሃን የተያያዘ መሆኑን ታውቂያለሽ። እንዴት እንደተያያዘ ግን በደንብ የነገርኩሽ አይመስለኝም።

ወንድምሽ ሊነጋጋ ሲል ተወለደ፤ አባትሽ ንጋቱ አለው። ሐሳብም ዕቅድም አልነበረንም። እህትሽ ስትመጣ «ከነጋ ወዲያማ ብርሃን ነው» አለና ብርሃን ሆነች። አንቺን ስጸንስ ጎረቤቱ ሁሉ ስምሽን አወጣልሽ። ሴት ከሆነች ፀሐይ ናት! አባትሽም ተስማምቶ ነበር፤ እኔም ሆዴን እየዳበስኩ ፀሐይ ፀሐይ እልሽ ነበር።

ምጤ በመጣበት ሌሊት መብራት ጠፋ። አባትሽ የሚያስተምርባት ትንሽ ከተማ ነበርን። ጤና ጣቢያው ጄኔሬተር አልነበረውም። አዋላጇ የእጅ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ሁለት እጇን ለእኔ ሰጥታ አዋለደችኝ። አንገቷን ባዘነበለች ቁጥር ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዛሬም ይታየኛል። መጀመሪያ ያየሁሽ በዚያች ክብ ብርሃን ውስጥ ነው። አባትሽ ሲገባ አዋላጇ ገና ባትሪውን ከአፏ አላወጣችም። አንቺን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ «ይቺ ፋና ናት» አለ። ፀሐይን ያነሳት ሰው የለም።

መጽሐፍ ቅዱሱ የኋላ ገጽ ላይ በጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ፋና። ታኅሣሥ 1984። መብራት ጠፍቶ ነበር።» ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።

ልጄ፣ ስምሽ ከወንድምና ከእህትሽ ስም ጋር ይገጥማል። ግን የተሰጠሽ ለመግጠም አይደለም። አባትሽ አንቺን አይቶ ነው ያወጣልሽ።

አሁን ወደ ናፍቆት ልምጣ። ከመናገሬ በፊት ግን ስለራሴ ስም ልንገርሽ። ምትኬ ማለት ምን እንደሆነ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ከኔ በፊት የተወለደች እህት ነበረችኝ። በሁለት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። እኔ ስወለድ እናቴ ምትኬ አለችኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስም የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ካሳነሽ፣ ማስረሻ፣ ተካ… ብዙዎቹ ስሞች ከጀርባቸው አንድ ትንሽ መቃብር አላቸው።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ እናቴ ዱቄት እየነፋች ጠየቅኳት። «እማ፣ የማን ምትክ ነኝ?» ወንፊቱ ቆመ። ዱቄቱ እጇ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። «የእህትሽ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ወንፊቷን መልሳ መንፋት ጀመረች። ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ቀሚስ በለበስኩ ቁጥር የሌላ ልጅ ቀሚስ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ስሜን ጠርታ አንዳንዴ ዝም ትላለች። እኔን እያየች መሆኗን ለማወቅ ፊቷን እመለከታለሁ።

እናቴን አልወቅሳትም። ሐዘኗን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። እኔ ላይ አስቀመጠችው።

ዓምና በአራተኛ ወሩ ያጣሽውን ልጅ አልረሳሁም። በዚያ ሳምንት አጠገብሽ ያለመሆኔ እስካሁን ያንገበግበኛል። ናፍቆት ስትዪ ድምፅሽ ለምን ዝቅ እንዳለም ገብቶኛል። ናፍቆት የሚያምር ስም ነው። አገሩን የናፈቀ፣ ልጅ ለብዙ ዓመት የናፈቀ ሰው ቢያወጣው እሰየው ነው። አንቺ ግን የናፈቅሽው ማንን ነው? የዚህችኛዋን መምጣት ከሆነ ይሁን። ያኛውን ከሆነ ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ እሷ ላይ አታድርጊው። ለእሱ ጧፍ አብሪለት። ከፈለግሽ እኔም እዚህ አበራለታለሁ። ስታድግ ደግሞ አስቀምጠሽ ትነግሪያታለሽ። በተጠራች ቁጥር ግን አትስማው።

እሺ፣ «ና»ውስ ምን ይሁን? እውነቱን ልንገርሽ፣ የልጆችሽን ስም የሚያስተሳስረው ፊደሉ ብቻ አይደለም። ናታን በዕብራይስጡ «ሰጠ» ማለት ነው። ናሆም ደግሞ መጽናናት ነው። መጀመሪያ ሰጠሽ፣ ቀጥሎ አጽናናሽ። ይህን አስበሽ ይሁን ሳታስቢ አላውቅም፣ ግን ከፊደሉ ይልቅ እሱ ደስ ይለኛል።

በፊደሉም ቢሆን «ና» ላይ ብቻ ለምን ትቆሚያለሽ? የነ ቤት ሰባት ልጆች አሉት፤ ነ፣ ኑ፣ ኒ እያልሽ እስከ ኖ ድረስ መሄድ ትችያለሽ። ነፃነት አለ፣ ኖላዊት አለ። በ«ና» ካልሽም ናርዶስ አለልሽ፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርያም በጌታ እግር ላይ ያፈሰሰችው ውድ ሽቱ ነው። ቤቱ ሁሉ በመዓዛው ተሞላ ይላል። ናርዶስ ጥሩ ስም ነው፣ ለጆሮም ይጥማል።

የእኔ ልብ ግን ያረፈው ኑኃሚን ላይ ነው። እዚያ አገር ናኦሚ የሚሉት ስም በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኑኃሚን ነው። ትርጉሙ ደስ የምታሰኝ ማለት ነው። ታሪኳን መጽሐፈ ሩት ላይ አንብቢው፣ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን በሰው አገር ቀብራ ባዶ እጇን ወደ ቤተልሔም ተመለሰች። የአገሯ ሴቶች ሲቀበሏት ኑኃሚን አትበሉኝ፣ ማራ በሉኝ አለቻቸው። መራራ ማለቷ ነው። ሐዘኗን ስሟ ልታደርገው ፈልጋ ነበር። መጽሐፉ ግን እሺ አላላትም። እስከ መጨረሻው ኑኃሚን እያለ ነው የሚጠራት። መጨረሻው ላይም ሕፃን ታቅፋ እናገኛታለን። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናቴንም፣ አንቺንም አስባለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ «ና…» ብለሽ ስትጀምሪ ሁለቱም ወንዶች ዞሩ። ስሙን ሳትጨርሺ ሁለቱም እየሮጡ መጡ። ሦስተኛዋ ስትጨመር «ኑ!» ትያለሽ፣ ሦስቱም ይመጣሉ።

አማትሽም የራሳቸው ሐሳብ ይኖራቸዋል፣ አክብረሽ ስሚያቸው። የክርስትና ስሟ በ80 ቀኗ ይወጣላታል። እኔም አያቷ ነኝና የምጠራትን የቤት ስም ራሴ አወጣላታለሁ፤ እሱን አሁን አልነግርሽም። የገንፎ እህሉን አስፈጭቻለሁ፤ ሽሮና በርበሬውም ተዘጋጅቷል። በጥቅምት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ኪሎ እንዳይበዛበት ግን ቅቤውን ቀንሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። ከመውለድሽ በፊት ስሙን ወስነሽ አትጨርሺ። አባትሽ አንቺን ሳያይ ፀሐይ ብሎሽ ነበር። ወልደሽ ደህና ስትሆኚ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ፣ ስልኬን ራስጌዬ አድርጌ ነው የምተኛው። መጀመሪያ ፊቷን አሳዪኝ። ስሟን ከዚያ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ፣ ምትኬ