ቲሸርቱን ከማተሜ በፊት

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ አልለቀቃትም፤ ጠዋት ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነው የሚታየው። እናትሽ ምግብሽን በደንብ ብይ ብላለች።

በቴሌግራም የላክሽውን ዲዛይን አየሁት። ለመጋቢት 24፣ ለኦቲዝም ቀን፣ ከጓደኞችሽ ጋር የምትለብሱት ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ ሰማያዊ የፐዝል፣ ያ ተገጣጥሞ ሥዕል የሚሆነው ጨዋታ፣ ቁራጭ። ሥራው ንጹህ ነው። ኦቲዝም ስላለበት ወንድምሽ ብለሽ መነሳትሽ ደግሞ ልቤን ሞልቶታል። ግን ከማተሜ በፊት ስለዚህ ምልክት ልንገርሽ። የሰው አርማ እያተምኩ ነው ያሳደግኳችሁ። ማን ሣለው፣ ለማን ሣለው የሚለውን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ፐዝሉ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በፈረንጆች 1962 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። በዓመቱ፣ በ1963፣ ጄራልድ ጋሰን የሚባል ከመካከላቸው አንድ አባት አርማውን ሠራላቸው። አንድ የፐዝል ቁራጭ ነው፤ መሃሉ ላይ የሚያለቅስ ልጅ አለበት። ቁራጩ የልጆቹ ነገር እንቆቅልሽ ሆነብን ለማለት ነው። ልቅሶው ሥቃያቸውን ለማሳየት። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፦ የማንንም ድርጅት አርማ አይመስልም። ይህቺን እንኳ እንደ ባለሙያ ወድጄላቸዋለሁ።

በእነዚያ ወላጆች አልፈርድም። በዚያ ዘመን ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ነፍጋው ነው የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። እስቲ አስቢው፣ እናትሽን እንዲያ ቢሏት! እዚህም «ምን ነክቶት ነው?»፣ «ቡዳ ይሆን?» እየተባለ ስንት ነገር ሰምታለች። እነዚያ አባትና እናቶች ሰሚ ሲያጡ ያገኙትን ምልክት ይዘው ጮኹ። የሚያለቅሰው ልጅ ግን የእነሱ ዕንባ ነው። ልጆቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ አገር ለአገር ዞረ። በ1999፣ አሁንም በፈረንጆች፣ የአሜሪካ የኦቲዝም ማኅበር ባለብዙ ቀለም የፐዝል ሪቫን አደረገው። በ2005 ኦቲዝም ስፒክስ የተባለውን ድርጅት፣ የልጅ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ባልና ሚስት አቋቋሙ። አንቺ የላክሽው ሰማያዊ ቁራጭ የመጣው ከእነሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2007 መጨረሻ ላይ ኤፕሪል 2ን፣ የኛን መጋቢት 24፣ የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን አለው። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በዚያ ቀን ትልልቅ ሕንፃዎች በሰማያዊ መብራት ይደምቃሉ። አንዳንዶች ሰማያዊውን የወንድ ቀለም ነው ይሉታል። ሴት ልጆች ኦቲዝማቸው ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ፣ ቀለሙም ይህንኑ ያባብሳል ብለው ይከራከራሉ።

ታዲያ በዚህ መሃል ልጆቹ አደጉ። አፍ አውጥተው፣ የማይናገሩትም ጽፈው፣ «እኛ ቁራጭ የጎደለን ሰዎች አይደለንም» አሉ። ጥናትም ተሠራ። ተራ ሰዎች የፐዝል ቁራጭ ሲያዩ አእምሯቸው ውስጥ የሚመጣው ያልተሟላ፣ ጉድለት ያለበት የሚል ነገር ሆኖ ተገኘ። «ኦቲዝም» የሚባለው የምርምር መጽሔት በፈረንጆች 2018 ፐዝሉን ከሽፋኑ አወረደው። እንግሊዝ ያለው የመጀመሪያው ማኅበርም ከተወው ቆይቷል።

አሁን ወንድምሽን ላምጣልሽ። ከሰዓት ከሰዓት ሱቅ ይውላል። የተቆራረጠውን ስቲከር ከመሬት ሰብስቦ በቀለም በቀለም ይለያል። እኔ አንድ ቀይ የምለውን እሱ ሁለት ቦታ ያስቀምጠዋል። ብርሃን ላይ ወስጄ ሳየው እውነትም ሁለት ዓይነት ቀይ ነው። ጄኔሬተር ሲነሳ ጆሮውን ይይዛል። ሚኒባስ ሲያልፍ የረዳቱን ድምፅ ቁጭ አድርጎ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ይላል። ደንበኛ ዞር ብሎ መኪናውን ይፈልጋል። ከዚህ ልጅ የትኛው ቁራጭ ነው የጠፋው? እኔ አላየሁም። የማየው የሚቸገርበት ነገር እንዳለ ነው። ትምህርት ቤት እንደልብ አይቀበለውም፣ ወረፋ ያስጨንቀዋል፣ ሲያመው የት እንዳመመው አይነግረንም። ይህ እውነት ነው፣ አልሸፋፍነውም። ለዚህ እገዛ ያስፈልገዋል። የሚያለቅስ ፊት ግን አያስፈልገውም።

ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው የመረጡት የተጋደመች 8 የምትመስለዋን፣ ማለቂያ የሌላትን ምልክት ነው። በፈረንጆች 2005 የኩራት ቀናቸውን፣ ጁን 18ን፣ ማክበር ሲጀምሩ በቀስተ ደመና ቀለም አወጧት። ልዩነታችን ብዙ ነው፣ አያልቅም ማለታቸው ነው። እዚህ አገር ግን ቀስተ ደመናው ሌላ ነገር ተብሎ ይነበባል። ክርክሩ ወደዚያ ይሄድና የወንድምሽ ጉዳይ ይቀራል። ስለዚህ ወርቃማውን ልምከርሽ። ወርቅ በኬሚስትሪ ምልክቱ «ኤ» እና «ዩ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ኦቲዝም የሚለው ቃልም በእነዚሁ ፊደላት ይጀምራል። ለስክሪን ፕሪንትም ይቀላል። አንድ ቀለም፣ አንድ ስክሪን።

ፐዝሉን የሚወዱ እናቶች ካጋጠሙሽ አትሟገቻቸው። ብዙዎቹ ብቻቸውን የቆሙበት ጊዜ ምልክት ሆኖላቸዋል። አንቺ ግን ገና እየጀመርሽ ነው፤ ባለቤቶቹ በመረጡት ጀምሪ።

ደግሞ ምልክቱ ብቻውን ፒያሳ ላይ ለማንም ምንም አይልም። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፣ ትልቅ ይሁን። ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ ከሁሉ በፊት የታገለችው ልጅን ቤት ውስጥ መደበቅን ነው። የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ ወጣች። በ2013 ዓ.ም. ነፍሷን ይማርና አረፈች እንጂ ሥራው አላለቀም። ደሴም፣ ኮምቦልቻም ዛሬ በር የተዘጋባቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ ጀርባው ላይ «ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በር አንዝጋ» ብለን ብንጽፍስ? የተሻለ ካለሽ ላኪልኝ።

ለወንድምሽ አንዱን ለብቻው እሠራለታለሁ። ደረቱ ላይ ቀለም ሲደርቅበት ስለሚከብደው ጀርባው ላይ ብቻ አትማለሁ። አንገቱ ላይ ያለውንም ታግ እቆርጥለታለሁ፤ እሱ ካለ አይለብሰውም። የእናንተን ልክ፣ ስንት ትልቅ ስንት መካከለኛ እንደሆነ፣ እስከ ሐሙስ ላኪልኝ። ወርቃማውን ቀለም ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው።

አባትሽ፣
ከደሴ