አልጋው ለጎበዝ ብቻ አይሁን፦ ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዲሪ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ክፍያ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ወላጅ ነኝ። የምጽፍልዎ ግን ለአንድ ልጄ ቦታ ለመለመን ብዬ አይደለም። ልጁን ከቤት አርቆ ከማስተማር ሌላ አማራጭ የሌለው፣ የባለሀብት ኪስም የሌለው ወላጅ በዚህ አገር ብዙ ነው። ለዚህ ወላጅ የሚሆን የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ይኑር ነው የምለው። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ባይወጣም።

እኔ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነኝ። ባለቤቴ እዚያው ፕሮጀክት ላይ ሒሳብ ትሠራለች። አንዱ መንገድ ሲያልቅ ካምፕ ነቅለን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ዘንድሮ አፋር ብንሆን ለከርሞ ጋምቤላ ልንሆን እንችላለን። ካምፕ ውስጥ ትምህርት ቤት የለም። ልጃችንን መጀመሪያ አያቷ ነበሩ ያሳደጓት። እሳቸው ሲደክሙ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባናት። መምህራኑ ጥሩ ናቸው፣ ልጅቷም ደስተኛ ናት። በዚህ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ በየክረምቱ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። የዘንድሮው ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ ክፍያ ነው፤ የትምህርት፣ የመኝታ፣ የምግብ፣ የልብስ እጥበት፣ የሕክምና፣ የምዝገባ እያለ ይወርዳል። ሁለተኛው ገጽ ልጅቷ ይዛ የምትመጣው ዕቃ ነው፤ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ሁለት አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ሶፍት። ባለቤቴ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጣ «ፍራሹን የምንገዛው እኛ ከሆንን፣ ይሄ የመኝታ የተባለው ብር የምንድን ነው?» አለችኝ። ትምህርት ቤቱን ጠየቅን። «ሕንፃው በኪራይ ነው» ተባልን። ጭማሪው ሲደመርበት የዓመቱ ክፍያ የእሷን የዓመት ደመወዝ ጠርጎ ይወስዳል።

በትምህርት ቤቱ ባለቤቶች ብቻ ልፈርድ አልችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው 100 ብርን አልፏል። ዘይትም፣ ጤፍም፣ ኪራይም አብሮ ወጣ። ልጆችን ቀን አስተምሮ የሚሸኝ ትምህርት ቤት ይህን በአንድ በኩል ነው የሚቀምሰው። አዳሪ ትምህርት ቤት ግን በቀን ሦስት ጊዜ ያበላል፣ ውኃና መብራት ሌሊትም ይከፍላል፣ ጥበቃና ሞግዚት ይቀጥራል። ስለዚህ ነገሩ ለገበያው ብቻ እስከተተወ ድረስ ክፍያው አይወርድም።

ከአገር መውጣትንም አስበንበታል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ካምፓላ ነው የሚኖረው። «አምጧት፣ እዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት በየሰፈሩ ነው» አለን። እውነቱን ነው። ኡጋንዳም ኬንያም አዳሪ ትምህርት የተለመደ ነገር ነው፤ የመካከለኛ ገቢ ሰውም ልጁን ያስገባል። ናይሮቢና ካምፓላ ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። ሕንድ ድረስ የላኩም አሉ። በማንም አልፈርድም።

ማታ ማታ ካምፕ ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራነው። የትምህርት ክፍያው በራሱ ከእኛው ይሻል ነበር። ከዚያ ሌላው መጣ። ክፍያው በዶላር ተገዝቶ ነው የሚላከው፤ ብር በወረደ ቁጥር እኛ ሳናውቀው ይጨምራል። የኡጋንዳ የትምህርት ዘመን የካቲት አካባቢ ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ 8ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ግማሽ ዓመት ቁጭ ትላለች። የእኛ ትምህርት 12 ዓመት ነው። የእነሱ 7 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 4 ዓመት ኦ ሌቭል የሚባል ሁለተኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት ኤ ሌቭል የሚባል መሰናዶ፣ በድምሩ 13 ነው። ተመልሳ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ብትል ደግሞ የአቻ ግምት ወረፋ አለ። የመኖሪያ ፈቃድና የአውሮፕላን ቲኬትም አለ። በመጨረሻ አንደኛችን ሥራ ለቀን አብረናት ካልሄድን የ14 ዓመት ልጅ ድንበር አሻግሮ መተው ሆነ። ይህንን አልደፈርነውም። ሌላ ወላጅ ሊደፍር ይችላል፤ አገር ለቆ ለመውጣት ግን የአንድ አልጋ ውድነት ምክንያት መሆን አልነበረበትም።

ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ ጥያቄ ሌሎቹ አገሮች እንዴት አደረጉት የሚለው ነው።

ኬንያ ውስጥ ብሔራዊ የሚባሉት የመንግሥት አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከወላጅ የሚጠይቁት ከፍተኛው ክፍያ በመንግሥት የተወሰነ ነው፤ በዓመት 53,554 ሺሊንግ። መንግሥት በበኩሉ ለእያንዳንዱ ተማሪ 22,244 ሺሊንግ መድቧል። ርዕሳነ መምህራን በተለያየ ስም ተጨማሪ ይጠይቃሉ የሚል ሮሮ እዚያም አለ። ወላጁ ግን ቢያንስ ሕጋዊውን ቁጥር ይዞ ይከራከራል። እኛ የምንይዘው ቁጥር የለንም።

ሕንድ በ1986 እ.ኤ.አ. የጀመረቻቸው ጃዋሃር ናቮዳያ የሚባሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ዛሬ ከ600 በላይ ናቸው። ልጆቹ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ በፈተና ይገባሉ። ምግቡም መኝታውም መጽሐፉም በመንግሥት ነው። ከቦታው ቢያንስ 75 ከመቶው ለገጠር ልጆች፣ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች የተያዘ ነው። በፈተና መምረጥና ቦታን ለተቸገረ መያዝ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም የእንግሊዙ ልቤን ወስዶታል። እንግሊዝ ሲባል በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ የሚያስከፍሉት የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው ትዝ የሚሉን። የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶችም አሏት። እዚያ ትምህርቱ እንደማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው። ወላጅ የሚከፍለው የመኝታውንና የምግቡን ብቻ ነው። ማስተማሩ የመንግሥት፣ አልጋው የወላጅ። ለእኔ ቤት የሚሆነው ይኼ ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ የእኛም አገር ይህን የማታውቅ አይደለችም። በ1943 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን እያሳደሩ ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊትማ የቆሎ ተማሪውና የወሎው ደረሳ አሉ። ዛሬም ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ያቋቋመው፣ መቀሌ ቃላሚኖ፣ ደሴ ልዩ አዳሪ ይጠቀሳሉ። ሚኒስቴሩም 50 አዳዲስ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንደሚገነቡ አስታውቋል። ደስ ብሎኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ በሆኑበት አገር ልዩ አዳሪዎቹ ያሳዩት ውጤት ይታወቃል።

ነገር ግን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በር የሚገባው ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ነው። የእኔ ልጅ መካከለኛ ናት። ታታሪ ናት፣ ሥዕል ትወዳለች፣ ሒሳብ ይከብዳታል። በውጤቷ ልዩ አዳሪ አትገባም፤ በኪሳችን የግል አዳሪ አትቆይም። ልጃቸውን ለአያት ትተው ቤይሩትና ሪያድ የሚሠሩ እናቶች፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች፣ በየወረዳው የሚዘዋወሩ ነርሶችና ፖሊሶች ልጆችም እንደዚሁ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች የመኝታ ቦታ የውጤት ሽልማት ሊሆን አይገባም። ከሌላቸው መማር አይችሉም።

ይህን ስል በተለይ የማስበው የገጠር ልጆችን ነው። መንገድ ስንቀይስ በየሳምንቱ እናገኛቸዋለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀርባቸው ላይ ስንቅ አዝለው ወደ ወረዳው ከተማ ይወርዳሉ። ማዳበሪያ ውስጥ እንጀራ፣ ደርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ትንሽ ቆሎ አለ። ከተማ ገብተው አራት አምስት ሆነው የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። አንድ ፍራሽ ለሁለት ነው። ረቡዕ ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል፤ ከዚያ ወዲያ ደርቆሹ ነው። ማታ የሚያጠኑት መብራት ካለ ነው። አንድ ጊዜ ውኃ ፈልገን በገባንበት ግቢ ሦስት የ9ኛ ክፍል ሴቶች አገኘን። የክፍላቸው በር መቀርቀሪያ አልነበረውም። ማታ ማታ የሽሮ ድስታቸውንና አንድ ወንበር በሩ ላይ ይደግፋሉ፤ ሰው ቢገፋው እንዲጮህ። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የዚህች አገር ትልቁ አዳሪ ትምህርት ቤት ይኼ ነው። ኃላፊ የለውም፣ ምግብ ቤት የለውም፣ ጥበቃ የለውም። ወላጆች ግን ይከፍሉበታል፤ ኪራይ ይከፍላሉ፣ እህል ይሰፍራሉ። ያው ኪራይና ያው እህል በአንድ ግቢ ቢሰበሰብ፣ ከወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ መጠነኛ ዶርም ቢሠራ፣ አንዲት ሞግዚትና አንድ ዘበኛ ቢቀጠር፣ ወላጅ ጥሬውን በዓይነት ቢያስገባ ነገሩ ሌላ ይሆናል። መምህራኑና ክፍሎቹ እዚያው አሉ። የጎደለው ማደሪያ ነው።

ገንዘብ የለም እንዳይባል ሁለት ነገር ላንሳ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። ሚኒስቴሩ በሁለት ዙር ከፍሎ በየዩኒቨርሲቲው አሳድሮ፣ አብልቶ ፈተናቸው። ብዙ ሰው አይቻልም ያለው ነገር ተቻለ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ ቁጥር አሽቆልቁሏል። በየግቢው ስንት አልጋ ባዶ እንዳለ ይቆጠር። ባዶ ሕንፃ ያለበት ዩኒቨርሲቲ አንዱን ከዋናው ግቢ አጥሮ፣ በራሱ መግቢያና በራሱ ጥበቃ፣ ለአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛው የምግቡ ዋጋ ነው። መንግሥት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ የሚይዘውን በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር አሳድጓል። በወር 3,000 ብር ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ የልጄን ምግብ ነገ ጠዋት መክፈል እችላለሁ። እጥፉንም እከፍላለሁ። የማይችል ወላጅ ደግሞ አለ፤ ለእሱ በዩኒቨርሲቲ የምናውቀው ወጪ መጋራት ዓይነት መንገድ ይፈለግለት። የሚችለው ይክፈል፣ ግማሽ የሚችለው ግማሽ ይክፈል፣ ምንም የሌለው በነፃ ይግባ።

አንድ ነገር ግን በርካሽ እንዲሠራ አልፈልግም። ኬንያ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. ክያንጉሊ በሚባል ትምህርት ቤት ዶርም ተቃጥሎ 67 ልጆች ሞተዋል። መስኮቶቹ ፍርግርግ ነበራቸው፣ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒዬሪ አካባቢ በአንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት 21 ልጆች በእሳት አልቀዋል። ዶርም ሲሠራ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፣ ሁለት መውጫ ይኑረው፣ አልጋ አይታጨቅ፣ የሴቶቹ ሕንፃ ውስጥ ሌሊት ሴት ኃላፊ ትደር። ይህ ደንብ አሁን ባሉት የግል አዳሪዎችም ላይ ይፈጸም። ቁጥጥር የሚባለው ነገር በክፍል ስፋትና በመምህር ዲግሪ ላይ ሲያተኩር ነው የማየው። የልጆች መኝታ በር ተንኳኩቶ ሲታይ አላየሁም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከሚገነቡት 50 ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ቦታ የተወሰነው፣ ቢያንስ ሲሶው፣ ከውጤት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ እየታየ የሚሰጥ ይሁን፤ መለያውም በግልጽ ይጻፍ። በየክልሉ ከአንድ ነባር የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ወላጅ የሚከፍልበት ዶርም በሙከራ ይጀመር፤ የአልጋና የምግብ ዋጋው በየዓመቱ ከምዝገባ በፊት በይፋ ይለጠፍ። የግል አዳሪዎችም የመኝታውን፣ የምግቡንና የትምህርቱን ክፍያ ለየብቻ እንዲያሳውቁ ይገደዱ፤ ጭማሪ ሲመጣ የትኛው ላይ እንደመጣ እንይ።

ልጄ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል ትገባለች። ለእሷ ላይደርስ ይችላል። ታናሽ ወንድሟ ግን ገና 3ኛ ክፍል ነው፤ እነዚያ ሦስት ልጆችም ቢያንስ 12ኛ እስኪጨርሱ እዚያ ክፍል ውስጥ ናቸው። ከጥያቄዎቹ የሚቻለውን ይቻላል፣ የማይቻለውን በምን ምክንያት እንደማይቻል፣ ሚኒስቴሩ ከመጪው ምዝገባ በፊት ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በመንገድ ሥራ ላይ ያለ የሁለት ልጆች አባት